የገዘትኩት ሳጥን

ሰቆጣ ውስጥ እኔ የማልጠግነው ነገር ቢኖር የሰው ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱንም ሞክሬው አላውቅም እንጂ እምቢ የሚለኝ አይመስለኝም። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የባጃጅ መብራት፣ ምኑ ቅጡ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ግን ሽፋኑ ከተቀደደ መጽሐፍ፣ ከገጽ አሥራ ሰባት ጀምሬ፣ ብቻዬን ተማርኩት። ከገጽ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "እሱ ለጀማሪ ነው፣ እኔን አይመለከትም" እላለሁ።

ይህን ሁሉ ጉራ መጀመሪያ ላይ የምነፋው በከንቱ አይደለም። ጉራዬ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከሰቆጣ ቁልቁል፣ ዝቋላ ቆላ ውስጥ ያለ አንድ ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ውስጡ ፓምፕ ተንጠልጥሏል፣ ፓምፑን የሚያሠራው ሶላር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትገባ ይተኛል። መንደሩ ሁሉ፣ ፍየሉም ሰውም፣ ከዚያ ነው የሚጠጣው። እሱ ከሌለ ያለው ወንዝ ነው፤ ወንዙ ግማሽ ቀን ቁልቁል፣ ጀሪካን ተሸክሞ ደግሞ ግማሽ ቀን ሽቅብ ነው። ግንቦት ላይ እሱም አሸዋ ነው።

ፓምፕ የሚቀዘቅዘው ውሃው ውስጥ ስላለ ነው። ውሃው ከአፉ በታች ከወረደ አየር መማግ ይጀምራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ከተቃጠለ ደግሞ ሌላ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እኔ ዘንድ መጣ። ውሃው ሲያንስ ፓምፑን በራሱ የሚያቆም ሳጥን እንድሠራ ጠየቁኝ።

"ይኼ ምን አላት!" አልኩ። ዕቃ ሳልገዛ ነው ያልኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከጉድጓዱ ወለል ላይ የተቀመጠ ሴንሰር ውሃው ስንት ሳንቲሜትር ከፍ እንዳለ ይነግረኛል። ሳጥኑ ቁጥሩን ያያል፤ ካነሰ ይቆርጣል። የፓምፑ አፍ ከወለሉ ሦስት ሜትር ላይ ነው። ከሱ በላይ ሁለት ሜትር መተማመኛ ልተው አልኩ። አምስት ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል፤ እኔ ግን ነገ ኮዱን የሚያነበው ሰው ጥበቤን አይቶ እንዲደነቅ ብዬ እንዲህ ጻፍኩት፦

#define MAKOMIYA 3 + 2

ይህ ማክሮ ይባላል። "ማቆሚያ የሚለውን ስም ባየህበት ሁሉ ሦስት ሲደመር ሁለትን ተካልኝ" ማለት ነው። ሴንሰሩ የሚናገረው በሳንቲሜትር ስለሆነ ደግሞ፣ ወረድ ብዬ ሳጥኑ የሚያቆምበትን ቁጥር MAKOMIYA * 100 አልኩት። አምስት ሜትር፣ አምስት መቶ ሳንቲሜትር። አበቃ። እግሬን ሰቅዬ ሻይ አዘዝኩ።

ሳጥኑን የገጠምኩ ዕለት ውሃው ከስምንት ሜትር በላይ ነበር። ለሙከራ የሴንሰሩን ገመድ ነቀልኩት። ሳጥኑ ዜሮ አነበበና ፓምፑን ቀጥ አደረገው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እንደ ሙሽራ አንገቴን ቀና አድርጌ ዞርኩ።

ከዚያ ነው ያቺን የማትረባ ቀልድ የቀለድኳት። ፊት የነበረው ማብሪያና ማጥፊያ የሁሉ ሰው መጫወቻ ነበር፤ እረኛው ያበራዋል፣ መንገደኛው ያጠፋዋል፣ ፓምፑ ሁለቴ ሊቃጠል ደርሷል። እኔ ሳጥኑ ፊት ቆምኩና ካቻቢቴዬን እንደ መስቀል አንስቼ፣ ድምፄን አወፍሬ ገዘትኩ።

"እኔ ራሴ መጥቼ በአፌ ሳልፈታ፣ ይህን ሳጥን የነካ፣ ማጥፊያውን የዳሰሰ፣ ፍየሉ አትውለድ፣ ጉሮሮው አይርጠብ፣ ደጁ አይለምልም! ገዝቻለሁ!"

ሳቅ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። የጉድጓዱ ጠባቂ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከኋላ አንድ ሰው "አሜን" አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ነፋሱ እንኳ ቆመ ልበል? ቆሟል።

ቀልድ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ደግሞ፣ ይጠቅማል፣ ሳጥኑን አይነካኩብኝም ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ያቺን አፌን የዘጋሁባትን ጊዜ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት።

ጠባቂው ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ጉብታ ይወጡና ይደውሉልኛል። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። አፋቸውን የፈቱት በኸምጣንጋ ነውና አማርኛቸው አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ይነግሩኛል፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋሉ፤ ባትሪ ይቆጥባሉ።

"ሰባት ሜትር ከሃያ" አሉ አንድ ቅዳሜ።

"በርቱ አባቴ!"

"ስድስት ከሠላሳ። ንብ በዝቷል። ቦኖውን ሸፍኖታል።"

"ንብም ይጠማዋል እኮ!"

"አምስት ከሰባ። ዝንጀሮ በቀን ይወርዳል። ሰው አይፈራም።"

"ይመዝገብና መዋጮ ይክፈል!" አልኩ። እሳቸው አይስቁም። ከስልኩ ወዲያ የሚሰማኝ ነፋስ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ካልሳቀልኝ ድምፄን እጨምራለሁ፤ አመሌ ነው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ።

ሱቄ ውስጥ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ተቀምጣለች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ አንደበቷ ምላጭ የሆነ። ላፕቶፗን ላሠራ አምጥታው ሠርቼላታለሁ፤ ያን ዕለት የመጣችው ሲን ላስተምራት ነው። እኔም ማክሮን እያስረዳኋት፣ ፊቷን እያየሁ፣ እየተንጠባረርኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እንድትሰማ ብዬ ድምፁን ከፈትኩት።

"መሐንዲስ" አሉ ጠባቂው። "ጧት አንድ ሰዓት አራት ከስልሳ ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት ነው። አራት ከአሥር ሆኗል።"

"እ... ይሠራል ማለት ነው?"

"ይሠራል። አምስት ላይ ያቆማል አላልክም?"

አስተማሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። እንግዲህ በሷ ፊት "አላውቅም" ልበል? እኔ?

"አባቴ፣ ሳጥኑ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቃል። የበጋ ውሃ ስለሆነ አይቶ ነው የታገሠው!"

"ላጥፋው?"

"ገዝቼዎት የለም እንዴ! ይንኩትና ፍየልዎ ትምከን!" ብዬ ሳቅኩ።

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። "እሺ" አሉ በመጨረሻ፤ ስልኩ ተዘጋ።

"ጋሼ" አለች አስተማሪዋ፣ "አምስት ላይ አልነበረም የሚያቆመው?"

"አምስት ነው።"

"ታዲያ በአራት ከአሥር ምን ያደርጋል?"

"ያ... ያስባል።"

"እስቲ ያሳዩኝ ሲያስብ።"

ኮዱን ከፍላሼ ላይ በላፕቶፗ ከፈትኩላት። ማክሮውን አየች፣ መቶውን አየች፣ የካርቶን ቁራጭ አንስታ እስክሪብቶዋን አወጣች። "ቅድም ምን አሉኝ? ማክሮ ስሙን አንስቶ ቃሉን እንዳለ ይተካል አላሉም?"

"እንዳለ!" አልኩ በኩራት።

"እንዳለ እንተካው እንግዲህ።" ጻፈች፦ 3 + 2 * 100። "መደመርና ማባዛት ሲገናኙ የትኛው ይቀድማል? ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው የምንጠይቀው፣ አይፈሩ።"

"ማባዛት።"

"ሁለት ጊዜ መቶ?"

"ሁለት መቶ።"

"ሲደመር ሦስት?"

"ማሽን እንደዚህ አይሞኝም" አልኩ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት ማክሮዎቹ ተተክተው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ሰጠሁት። በመጽሐፌ ውስጥ ስንት ጊዜ አልፌው የሄድኩት፣ አያስፈልገኝም ያልኩት ትእዛዝ ነው። ስክሪኑ ላይ ማቆሚያ የሚል ስም የለም። በቦታው ያ የካርቶኑ ጽሑፍ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ቆሞ ያየኛል።

ሁለት መቶ ሦስት። አምስት መቶ የሚባል ቁጥር ያ ሳጥን ውስጥ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኖሮ አያውቅም። የሴንሰሩን ገመድ የነቀልኩ ዕለት ያቆመው ዜሮ ከሁለት መቶ ሦስትም ስለሚያንስ ነው። እልል ያሉት ለዚያ ነው።

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ዛሬ ለማንም የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው። ማክሮን የሚተካው ፕሪፕሮሰሰር የሚሉት ነው፤ እሱ መልእክተኛ ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌ ቃልህን ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ደምሮ ቀንሶ ነው የሚያደርሰው። መልእክተኛ ግን የሰጠኸውን ተሸክሞ ሄዶ፣ እንዳለ ያራግፈዋል። እዚያ ጎኑ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው አያይም። የእኔ "ሦስት ሲደመር ሁለት" ሄዶ መቶው አጠገብ ተራገፈ፤ መቶው ቅርብ ያገኘውን ሁለቱን ይዞ ሄደ፤ ሦስቷ ብቻዋን ቀረች። አንድ ላይ እንዲቆዩ ከፈለግህ ቅንፍ ውስጥ አስረህ ነው የምትልካቸው። ቅንፍ። ሁለት ጭረት።

"የፓምፑ አፍ የት ነው?" አለች አስተማሪዋ። ቀልዱ ከድምፅዋ ጠፍቷል።

"ሦስት መቶ ላይ።"

"ውሃው ሁለት መቶ ሦስት ሲደርስ ያቆማል ማለት ነው?"

"አይደርስም" አልኩ። "ፓምፕ ከአፉ በታች ያለ ውሃ መሳብ አይችልም። ሦስት መቶ ላይ ይቀራል። አየር እየማገ እዚያው ይቀራል። ሳጥኑ መቼም አያቆመውም።"

በሁለት ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ወርዷል። በሰዓት ሃያ አምስት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የፓምፑ አፍ ይራቆታል።

ደወልኩ። ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ሊገኙ አይችሉም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችኝ፤ ድምፅዋን ምን እንደዚያ እንዳጣፈጠችው። ከጉድጓዱ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሱቅ ያላት ሴት ትዝ አለችኝና ደወልኩላት። "ማጥፊያውን ወደ ታች ይጫኑት በይልኝ፣ መሐንዲሱ ነው ያለው በይ!" አልኳት። "ወንድሜን አሁን እሰደዋለሁ" አለች። ትንሽ ተነፈስኩ። ግን አስተማሪዋ ላፕቶፑን ዘግታ፣ ቦርሳው ውስጥ ከታ፣ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው።

"ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ማረምም አለ። ይሂዱ። ቅንፍ እንዳይረሱ።"

ጎረቤቴ ነጋዴው ሞተር አለው። "ሞተሩን ስጠኝ፣ ዝቋላ ልወርድ ነው" አልኩት።

"ባለፈው ወስደህ ፍሬኑን አጥፍተህ፣ 'ፍሬን ለፈሪ ነው' ብለህ መለስክልኝ።"

ፊቴን አየና፣ ሌላ ሳይናገር ቁልፉን ወረወረልኝ። እሱ ሳይሳደብ ዕቃ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ ይኼ ይበልጥ አስፈራኝ።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ደመና ፈለግሁ። ዕድሜ ልኬን ዝናብ የለመንኩ ሰው ነኝ፣ ያን ዕለት ግን ጥላ ብቻ ነበር የምለምነው፤ አንዲት የጨርቅ ቁራጭ የምታህል ደመና ሶላሩ ላይ ብታርፍ ፓምፑ ይደክማል። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ቁልቁል በወረድኩ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። በየማሳው የአምና የማሽላ አገዳ ደርቆ ቆሟል። ሞተሩ የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅ አንድ ደጅ ላይ አስጠጋሁትና በእግሬ ሮጥኩ። መሮጥ አልችልም፣ ሆዴ ቀድሞኝ ነው የሚሄደው፤ ሮጥኩ። ሰባት ሰዓት ተኩል ያለፈኝ ገና የጉብታው ዳገት ወገብ ላይ ሳለሁ ነው።

ከጉብታው ጫፍ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ዝንጀሮዎቹን ነው። ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ጉድጓዱን ያያሉ። አይጮኹም። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ቧንቧው ያስላል፣ ያስላል፣ ቀይ ውሃ ይተፋል፣ መልሶ ያስላል። ከሱ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ ጥርስ በጥርስ ሲፋቅ የሚመስል ነገር አለ።

ሳጥኑ ፊት ጠባቂው ዱላቸውን አግድመው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ሰው ተሰብስቧል፤ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ከሱቋ የተላከው ሰውም አለ፣ ደርሷል! ደርሶ ምን ይሁን፣ ሽማግሌው አላስነኩትም።

"አጥፉት!" ብዬ ከላይ ጮህኩ። "አባቴ፣ ያጥፉት!"

ቀና ብለው አዩኝ። "አልፈታህም!" አሉ።

እየተንከባለልኩ ወረድኩ። "መልእክት ልኬ የለም?"

"ልከሃል። ግዝት በመልእክት አይፈታም። 'እኔ መጥቼ በአፌ ሳልፈታ' ብለሃል።" በአገጫቸው ወደ ጉብታው ጠቆሙ። "ጧት ከጉብታው ላይ ጠየቅኩህ። ደገምክብኝ።"

"ፈትቻለሁ! ፈታሁ!"

"እንዲህ አይደለም። በምን በምን ነው የገዘትከው? ያልከውን እንዳልክ ፍታ። አንዱ ከቀረ ይቀራል።"

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ከመሬት ሥር ያ ጥርስ ይፋቃል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ብዬ እንደገዘትኩ ረስቻለሁ! ቀልድ ነበራ፤ የቀለደ ሰው ቀልዱን ይዞ አይዞርም። የያዙት እነሱ ናቸው።

"ፍ... ፍየላችሁ ትውለድ!"

"አንድ" አሉ።

"ገዝቼ ነበር፣ ፈትቻለሁ... ከዚያ..."

"ጉሮሮው" አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ በሹክሹክታ። ያቺ አፏን የሸፈነችው ናት።

"ጉሮሯችሁ ይርጠብ!"

"ሁለት።"

ቧንቧው አንዴ በረጅሙ ፏጨና ምንም አልተፋም። ሦስተኛዋ አልመጣልኝም። የገዛ እጄ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ዱላው ክንዴ ላይ አረፈ፤ አልመታኝም፣ አረፈ ብቻ። "ደጁ" አሉ ሽማግሌው ራሳቸው፣ ዐይኔን እያዩ። እንባ አቅርረዋል።

"ደጃችሁ ይለምልም! ፈትቻለሁ!"

ገና "ፈት" ስል ዞረው ማጥፊያውን ወደ ታች ጫኑት። ፀጥ አለ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር 300 ይላል፤ 299 ይሆናል፣ ተመልሶ 300 ይላል።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ማሽኑ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ማሽኑ አፍ የለው" አሉ ጠባቂው። "አፍ ያለው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኩ። አርባ ስንት ዓመቴ ነው፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ፓምፑ ይቀዝቅዝ ተብሎ እዚያው አደርኩ። ጧት ቅንፉን ጻፍኩ፣ (3 + 2)፣ ማክሮው ተተክቶ ምን እንደሚመስል ሁለቴ አይቼ፣ ወደ ሳጥኑ ጫንኩት። ማብሪያውን ራሳቸው እንዲነኩት አደረግሁ። ሳጥኑ እምቢ አለ። ልክ ነበር፤ ጉድጓዱ ሌሊቱን ያጠራቀመው ውሃ አራት ከሃምሳ ብቻ ነው፣ ከአምስት ያንሳል። ትክክለኛው ፕሮግራም አንድ ጀሪካን እንኳ አይሰጣቸውም።

ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ላፕቶፑን መልሼ ከፈትኩና ሁለቷን ወደ አንድ ዝቅ አደረግኋት፤ (3 + 1)። አንድ ሜትር መተማመኛ ቀነስኩ፤ ቅንፉንም አንዷንም ለጠባቂው አሳየኋቸው። ውሃው አራት ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ላለችው ግማሽ ሜትር መጀመሪያ ሰው፣ የተረፈ ለፍየል ብለው ተስማሙ።

ፓምፑ ተነሳ። ውሃው መጣ፣ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ጥሩ። እልልታ አልነበረም። ጠባቂው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ አስጠጉ፣ ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ከሥር፣ ከውሃው ድምፅ ሥር፣ ፊት ያልነበረ ነገር አለ። ኽርርር። ቀጭን ነው። ውሃው ይመጣል፣ እሱም አብሮ ይመጣል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ይተዋል" ልል ነበር። "አላውቅም" አልኩ። "ከፍ ካለ ያጥፉት። ማንንም አይጠይቁ።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደውሉልኝ ቁጥሩን ከነገሩኝ በኋላ ድምፁንም ያሰሙኛል። ስልኩ ጉድጓዱ ጋ አይሠራምና፣ ሰምተው፣ ይዘውት፣ ጉብታውን ይወጡና በጉሮሯቸው ያሰሙኛል። አይጨምሩም፣ አይቀንሱም፤ እንዳለ ነው የሚያደርሱት። እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ የሚስቅ ሰው አስወጥቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ "አራት ከአሥራ ሁለት" አሉኝ። አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ማለት ነው፣ ለመንደር ሙሉ። ዝናቡ ቢፈጥን ሰኔ መጨረሻ ነው።

"መሐንዲስ" አሉ። "ያቺ ቅንፍ ውስጥ ያለችው አንድ።"

"አቤት አባቴ።"

"ትቀነሳለች?"

ነፋሱ ይሰማኛል። ለሁሉ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። መተማመኛዋን ካነሳኋት ውሃ ያገኛሉ፤ ፓምፑ ደግሞ ውሃው አፉ ጥግ እስኪደርስ ይሠራል፣ በዚያ በተጎዳ ጉሮሮ።

"መጀመሪያ ድምፁን ያሰሙኝ" አልኳቸው።

ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ። ከወትሮው ረዘም አድርገው ሳቡ።